ከቄሴ ጋር ወደ ቡሬ፣ ለገና

ባለቤቴን ከቀበርን በኋላ ዲላ ያሉ የሰንበቴ እኅቶቼ እየመጡ አብረውኝ ሲቀመጡ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር። "ለመሆኑ የቄሱ አገር እንዴት ያለ ነው? ደርሰሽበታል አይደል?" ይሉኛል። ደርሼበታለሁ። ግን አፌን በከፈትኩ ቁጥር እንባዬ ስለሚቀድመኝ "ደግ አገር ነው" ከማለት በቀር የነገርኳቸው የለም። አሁን ትንሽ ሲረጋጋልኝ፣ እነሱም ልጄ ማርታም እንዲያውቁት፣ የሄድንበትን መንገድ ከነቀኑ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ባለቤቴ ቄስ አስናቀ የቡሬ ገጠር ሰው ነው። ዲላ የመጣው ገና ዲያቆን ሳለ፣ ለአንድ ዓመት ብሎ ነበር። እኔን አገባ፣ ቅስና ተቀበለ፣ አንዱ ዓመት ሃያ ሆነ። ሰፈሩ ሁሉ "ቄሴ" ሲለው እኔም "ቄሴ" እያልኩ ቀረሁ። አባቱ መሪጌታ ይሁኔ ቅስናም ያላቸው፣ በአገራቸው የታወቁ የዜማ መምህር ናቸው። ያላቸው ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ስለሆነ ተመልሶ ወንበራቸውን እንዲረከብ፣ በእሳቸው ቦታ ተቀምጦ እንዲያስተምር ሲጠብቁ አረጁ። እሱም "ለከርሞ" እያለ ቆየ። በሁለት በሦስት ዓመት ብቅ እያለ ይጠይቃቸው ነበር፤ እኔ ግን በሠርጋችን ጊዜ ዲላ ድረስ ከመጡ ወዲህ አይቻቸው አላውቅም።

ኅዳር ላይ ሐኪሞቹ ሆዱ ውስጥ ያለው እጢ ጉበቱን እንደያዘ ነገሩን። እቤት ስንገባ ቄሴ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ "ገናን ከአባቴ ጋር ላድርግ" አለኝ። ሁለት ነገር ፈልጎ ነበር። ሕመሙን በራሱ አፍ ሊነግራቸው፣ ስለ ወንበሩም ይቅርታ ሊጠይቃቸው።

የመጀመሪያው ቀን

ማርታን እናቴ ዘንድ ትተን በማለዳ ከዲላ ተነሣን። ዲላን ጉም ሸፍኗት ነበር፤ ቄሴ እስከ ይርጋለም ድረስ በመስኮቱ ወደ ኋላ ያይ ነበር። ለአማቴ ለመሪጌታ ቡና፣ አንድ ጣሳ ማርና በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቡላ ይዘን ነበር። ሐዋሳ ላይ እኔ በላሁ፣ እሱ ሻይ ይዞ ተቀመጠ። አዲስ አበባ ስንደርስ መሽቶ ስለነበር አውቶቡስ ተራው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይተን አደርን። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ሽታው ያፍናል። መስኮት ከፍተን እንዳንተኛ ብርዱ፣ ዘግተን እንዳንተኛ ሽታው ሆነብን። ቄሴ "ከዚህማ ቤተ ልሔም ከከብቶቹ ጋር ይሻላል" ብሎ አሳቀኝ። በዚያ መንገድ ከልቤ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ቀን

አውቶቡሱ ሳይነጋ ወጣ። የዓባይን በረሃ ያላያችሁ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እኛ አገር ገደሉን ሁሉ እንሰትና ቡና ስለሚሸፍነው ገደል መሆኑ አይታወቅም። ይህ ግን ራቁቱን ነው፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ከታች የምትሄድ መኪና እንደ ጉንዳን ታንሳለች። ሾፌሩ ዘፈኑን ዘጋ፣ ሰው ሁሉ አማተበ።

ደብረ ማርቆስን ካለፍን በኋላ ቄሴ ነፍስ ዘራ። እኔ የማየው ሜዳ ብቻ ነው፤ እንደኛ አገር ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ አይደለም፣ በታኅሣሥ ሁሉ ነገር የገለባ ቀለም ይይዛል። የጤፍ ክምር እንደ ጎጆ ቤት ተደርድሯል፣ በየአውድማው በሬ ይዞራል፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ጋቢ የለበሱ ሰዎች ተቀምጠዋል። እሱ ግን እያንዳንዱን ወንዝ በስሙ ይጠራል። እዚህ ጋ በተማሪነቱ ውሻ እንደነከሰው፣ እዚያ ደግሞ አንዲት ሴት ለአንድ ሳምንት አስታምማ እንዳዳነችው ነገረኝ።

ደምበጫ ልንደርስ ስንል ወሬውን ሳይጨርስ ወደ ፊት አጎነበሰ። ፊቱ አመድ መሰለ። ፌስታል ፍለጋ ቦርሳዬን ስበረብር አጠገቡ በተቀመጡት ሽማግሌ ገበሬ ላይ አስመለሰው፤ ነጭ ጋቢያቸው ተበላሸ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ለበዓል የታጠበ ጋቢ መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ሽማግሌው ግን ጋቢውን በዝግታ አወለቁና የቆሸሸውን ወደ ውስጥ አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ የቄሴን መስቀል ተሳልመው "ጋቢ ይታጠባል አባ፣ አይጨነቁ" አሉት። ደምበጫ ሲደርሱ ጋቢውን ወንበሩ ላይ ትተው በሸሚዝ ብቻ ብርድ ላይ ወረዱ። ረስተውት መስሎኝ በመስኮት ስጠራቸው እጃቸውን አወዛወዙ እንጂ አልተመለሱም። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም።

ቡሬ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረን ቄሴ መቀመጥ አቃተው። ፍኖተ ሰላም ላይ ወረድን። ከመናኸሪያው ማዶ ወይዘሮ ውባለም የሚባሉ ሴት ምግብ ቤት አላቸው፤ ከጓሮ አራት አልጋም ያከራያሉ። በበዓሉ ምክንያት አልጋው ሁሉ ተይዞ ነበር። ሴትዮዋ ቄሴን አንድ ጊዜ አዩትና ገብተው የራሳቸውን አልጋ አንሶላ ቀየሩ። እሳቸው ምድጃው አጠገብ ሰሌን አንጥፈው ተኙ። እኔ አይሆንም ብዬ ስከራከር "እኔ ዓመቱን ሙሉ የምተኛበት አልጋ ነው፣ አይሰለቸኝም?" ብለው ዝም አሰኙኝ።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ቡሬ የሚሄድ መኪና ልጠይቅ ብወጣ መንገዱ እንደተዘጋ ተነገረኝ። ለምንና እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የሚያስገርመው የጠየቀም የለም። ባጃጆቹ ተደርድረው ቆመዋል፣ ከተማ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው የፈረስ ጋሪ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ መንገድ የሚዘጋው ዝናብ ሲያንሸራትተው ነው፤ እንደዚያ ሲሆን ሰው ተሰብስቦ ያወራል፣ ይሳሳቃል። እዚህ ሰው ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ወይዘሮ ውባለም ጎረቤታቸው ያለችውን ነርስ ጠሩልኝ። ነርሷ ግሉኮሱን በሩ ላይ ካለው ሚስማር ላይ ሰቅላ ሰካችለት፤ ጠብታው እስኪያልቅ ከአጠገቡ አልተነሣችም። እኔ ጓሮ የሽማግሌውን ጋቢ አጠብኩ። ፀሐዩ ኃይለኛ፣ ንፋሱ ደረቅ ስለሆነ ዲላ ሁለት ቀን የሚፈጅብኝ ጋቢ በሦስት ሰዓት ደረቀ። ማታ ሴትዮዋ አጥሚት ሠርተው በማንኪያ አጠጡት። በጾም ወተት ስለማይገባበት በተልባ ውሃ አቀጠኑት። እሱ ሲጠጣ አይተው ወደ እኔ ዞሩና ባላቸው በዚሁ በሽታ እንደሞቱ ቀስ ብለው ነገሩኝ።

አራተኛው ቀን

ረፋዱ ላይ መንገዱ ተከፈተና በሚኒባስ ቡሬ ገባን። የከተማው ገበያ በበርበሬ ቀልቷል፤ ከመኪናው ሳልወርድ አስነጠሰኝ። የቄሴ እኅት ስመኝ በቅሎ ይዛ ጠበቀችን። ወንድሟን ስታየው ልትጮኽ አፏን ከፈተችና በነጠላዋ ያዘችው። በስልክ "ትንሽ አሞታል" ነበር ያልናት። እሷም ስለ አባቷ "ደኅና ናቸው፣ ትንሽ ይረሳሉ እንጂ" ነበር ያለችን። ሁላችንም ለካ "ትንሽ" በምትለው ቃል ተሸፋፍነን ኖረናል።

እሱ በበቅሎ፣ እኛ በእግር ሁለት ሰዓት ሄድን። አማቴ ቤታቸው ፊት ለፊት ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። በሠርጋችን ያየኋቸው ግዙፍ ሰው አንሰው፣ ከመቋሚያቸው ሊያጥሩ ምንም አልቀራቸው። ድምፁን ሲሰሙ ግን ወዲያው ለዩት። "አስናቀ!" ብለው አንገቱን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ትከሻውን ዳበሱና "ምነው እንዲህ ከሳኸ?" አሉት።

"ጾሙ ነው አባባ" አላቸው።

"አይ፣ ጎበዝ። ጾም እንዲህ ነው" ብለው ደስ አላቸው።

ጠላው ቀርቦ ሳያልቅ "ምነው ከሳኸ?" ብለው እንደ አዲስ ጠየቁት። እሱም "ጾሙ ነው" ብሎ እንደ አዲስ መለሰ። እስክንተኛ ድረስ አራት ጊዜ ጠየቁት። እኔን ደግሞ ማን እንደሆንኩ ጠየቁ። ስመኝ ምራታቸው መሆኔን ስትነግራቸው "ሳይነግረኝ አገባ?" ብለው ትንሽ ተከፉ፤ ወዲያው ግን አስነሥተውኝ ሁለታችንንም አቁመው መረቁን። ሠርጋችን ላይ የመረቁንን ምርቃት ነበር፤ "ወልዳችሁ ሳሙ፣ አብራችሁ አርጁ" ሲሉ ቄሴ አሜን እያለ መሬት መሬት ያይ ነበር።

አምስተኛው ቀን

የገና ዋዜማ ነው። ጠዋት ስመኝ ግድግዳውን ለበዓል ስትለስን ደረስኩ። ነጭ ነገር በውሃ በጥብጣ እየለቀለቀች ነው። ቀረብ ብዬ ባየው ያመጣሁት ቡላ ነው፤ ኖራ መስሏት! እንሳቅ ወይስ እናልቅስ ሳናውቅ ተያየን። ግማሹ ተርፎ ስለነበር ሠርቼ ለቄሴ ሰጠሁት። ከመጣን በሆዱ የረጋው እሱ ብቻ ነበር። ስመኝም ቀምሳ "ይህን ነው ግድግዳ ያበላሁት?" አለች።

አማቴ ያን ቀን ሌላ ጥያቄ ጀመሩ። "ወንበሬን መቼ ነው የምትረከበው?" ይላሉ። ወንበራቸውን ከአራት ዓመት በፊት አንድ ደቀ መዝሙራቸው ተረክቦታል፤ ተማሪዎቹም ወደ እሱ ደብር ሄደዋል። የተማሪዎቹ ጎጆዎች ከቤቱ ጀርባ ክዳናቸው ረግፎ ቆመዋል። ቄሴ ሊነግራቸው ሁለት ጊዜ አጠገባቸው ተቀመጠ፣ ሁለት ጊዜ ተነሣ። "በዓሉን አላበላሽባቸውም" አለኝ።

የገና ዕለት

በሌሊት ጧፍ አብርተን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ በሰልፍ ነው የሚኬደው። አማቴ ስመኝን ተደግፈው ከፊት፣ ቄሴ እኔን ተደግፎ ከኋላ። አማቴ ዞር ሳይሉ "ልጅ ከአባቱ ኋላ ሲሄድ ደስ ይላል" አሉ። አጠገባችን የነበሩ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። እሳቸው የተናገሩት ስለ መንገዱ ነው። እኛ የሰማነው ሌላ ነው።

ቄሴ ሊቀድስ አቅም አልነበረውም፤ ከአባቱ ጎን ከማኅሌቱ ቆመ። እኔ ከሴቶቹ በኩል ሆኜ አያቸዋለሁ። የእኔን ስም በአንድ ቀን አሥር ጊዜ የጠየቁት ሰው፣ የልደቱን ዜማ አንድ ቃል ሳይዘነጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አወረዱት። ቄሴ ትንፋሽ አጥሮት መሐል ላይ ሲያቋርጥ በመቋሚያቸው ጉልበቱን ነካ አደረጉት። በኋላ ሲነግረኝ "ሰበርኸው፣ ድገመው" ነበር ያሉት። ደገመው። እንደ ልጅ ፊቱ በርቶ ነበር።

ከሰዓት ወንዶቹ ሜዳው ላይ ገና ተጫወቱ፤ እኛ ቤት ደግሞ በግ ታርዶ ዘመድ ተሰበሰበ። አማቴ በእጃቸው ሊያጎርሱት ሥጋ ጠቅልለው ያዙ። ቄሴ አፉን አልከፈተም። "ምነው? ጾሙ ተፈትቷል እኮ" አሉት። ቀጥለውም "ምነው ከሳኸ?" አሉ።

ጾሙ አለቀ፤ ሰበቡም አብሮት አለቀ። ዘመዶቹ አንድ በአንድ ወጡልን። እሱ ዝቅ ብሎ እግራቸው ሥር ተቀመጠና ነገራቸው። በሽታው ምን እንደሆነ፣ ሐኪሞቹ ምን እንዳሉ፣ ሃያ ዓመት "ለከርሞ" እያለ እንዳታለላቸው፣ ወንበሩን ሊረከብ እንደማይችል፣ ሁሉንም ነገራቸው። አማቴ ጉርሻውን እንደያዙ ሰሙት።

"ተራው የኔ ነበር" አሉ። ከዚያ ጉርሻውን አስቀምጠው እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ። "የወንበርስ ሰው አይጠፋም። ያንተን ቦታ ማን ይይዝልኛል? ይፍታህ ልጄ። እግዚአብሔር ይፍታህ።"

አለቀሱ፤ እሱም አለቀሰ። እኔና ስመኝ በሩ ላይ ቆመን ነበር፤ ልንገባም ልንሄድም አልቻልንም። አማቴ በለቅሶው ደክመው መደቡ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቄሴ "አለቀ፣ ቀለለኝ" አለኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ነቁ። ዞር ዞር ብለው ፈለጉትና "አስናቀ፣ ወንበሬን መቼ ነው የምትረከበው?" አሉት።

ቄሴ አየኝ። ከዚያ እሳቸውን አየ። "ለፋሲካ አባባ" አላቸው።

"ተመስገን" አሉ።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ቀን

በማግሥቱ ቄሴ ከአልጋ አልተነሣም። የማስታገሻው መድኃኒት ያልቃል ብዬ በፍርሃት ዋልኩ፤ ጎረቤቶቹ ግን ተራ ገብተው ከአጠገቡ አልጠፉም። እኛ አገር በሽተኛ ጠያቂ ሙዝ ወይም አቮካዶ ይዞ ይመጣል። እዚህ አንዱ ማር፣ አንዱ ለበቅሎዋ ጭድ ይዞ መጣ፤ አንድ ዓይነ ስውር ደብተራ ደግሞ ምንም የለኝም ብለው እስኪመሽ መዝሙረ ዳዊት ደገሙለት።

በስምንተኛው ቀን በቅሎ ላይ መቀመጥ ስላልቻለ የመንደሩ ወንዶች ቃሬዛ ሠሩ፤ ከሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ጋር ገመድ አስረው፣ ጭድ ጎዝጉዘው፣ ያንን የታጠበ ጋቢ አለበሱት። ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱ ይሸከማሉ፣ አራቱ ይተካሉ። አንዳቸውንም ማንም አልጠራቸውም።

አማቴ እንደ ልማዳቸው ከደጁ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ቃሬዛውን ሲያዩ ተነሡ። "የማን በሽተኛ ነው?" አሉ። ተሸካሚዎቹ ቆሙ። ስመኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አማቴ መቋሚያቸውን እየተደገፉ መጡ። ፊቱ እስከ አፍንጫው ተሸፍኖ ነበር፤ አላወቁትም። ከጉያቸው መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሩን ደረቱን ባረኩት። ለማንኛውም እንግዳ በሽተኛ እንደሚያደርጉት ሳይቸኩሉ ጸለዩለት። ሲጨርሱ "ወላጅ አለህ?" አሉት።

"አባት አለኝ" አላቸው ቄሴ፤ ድምፁ ሰልሎ የእሱ አይመስልም ነበር።

"እንግዲያ እግዚአብሔር ለአባትህ ይማርህ" አሉት።

መስቀሉን ተሳለመ፣ እጃቸውን ሳመ፣ "አሜን" አለ። ቃሬዛው ተነሣ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ዞሬ አየሁ፤ ወደ ፀሐይዋ ተመልሰው ተቀምጠዋል።

ዋናው መንገድ ላይ መኪና ስንጠብቅ ለምን ማንነቱን እንዳልነገራቸው ጠየቅኩት። ትንፋሹን እየሰበሰበ "ትናንት ወዲያ ለልጃቸው አለቀሱ፣ ዛሬ ለማያውቁት ሰው ጸለዩ። ሁለቱንም አገኘሁ" አለኝ። አስቀድሜ ደውዬላቸው ስለነበር ፍኖተ ሰላም ስናልፍ ወይዘሮ ውባለም መንገድ ዳር ወጥተው መኪናውን አስቆሙና በፔርሙስ አጥሚት አቀበሉን። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ብዙ አላስታውሰውም።

ቄሴ ዲላ ደርሶ ማርታን አየ። ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት አረፈ።

ስመኝ ደውላ "አባባን መርዶ እናርዳቸው? በየቀኑ እንደ አዲስ ከማርዳቸው ይቅር?" ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ቀን አስቤ "አንድ ጊዜ ንገሯቸው፤ አባት ናቸውና ሊያለቅሱለት ይገባል። ከዚያ በኋላ ግን አትድገሙባቸው" አልኳት። እንደ ወጉ ካህናቱ ጎህ ሲቀድ ሄደው ነገሯቸው። አማቴ አልቅሰው ሲያበቁ ተነሥተው ለልጃቸው ፍትሐቱን ራሳቸው ደገሙለት፤ መጽሐፍ አልፈለጉም፣ አንድ ቃል አልሳቱም አለችኝ ስመኝ።

እኩለ ቀን ላይ ለቅሶ ደራሹ ቤቱን ሞልቶት ነበር። አማቴ ከመደቡ ቀና ብለው ሰዉን ዙሪያውን አዩ። "ምነው ሰው በዛ?" አሉ። ሊጠይቁዎት መጥተው ነው አሏቸው። ያን ጊዜ ስመኝን ተቆጧት፤ ይህን ሁሉ እንግዳ እንዴት ደረቁን ታስቀምጫለሽ፣ አቅርቢላቸው እንጂ አሉ። እሷም የንፍሮውን ሰፌድ አቀረበች። እሳቸው በሞቴ እያሉ እየዞሩ ሲለምኗቸው፣ ለቅሶ ደራሾቹ እንባቸውን ጠርገው በሉ።